ለደሴ ዳገት የትኛው ብስክሌት? ለኮምቦልቻ ሜዳስ?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የዚህ ዕትም ጥያቄዎች በሙሉ ከደሴና ከኮምቦልቻ የተላኩ ናቸው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይሁን እንጂ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ጦሳ ተራራ ሥር ስትሆን፣ ኮምቦልቻ ደግሞ 600 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ የቦርከና ሜዳ ላይ ተዘርግታለች። ስለዚህ አንዱ ከተማ ላይ የሚያስደስት ብስክሌት ሌላው ከተማ ላይ እየገፉ የሚወስዱት ሸክም ይሆናል። ደብዳቤዎቹን አሳጥረናቸዋል።

ጥያቄ፦ ቤቴ ከፒያሳ ሽቅብ በጦሳ በኩል ነው፤ የምሠራው ፒያሳ ሱቅ ውስጥ ነው። የባጃጅ ወጪ ስለከበደኝ ብስክሌት ልገዛ አስቤ ሁለት አይቻለሁ። አንዱ ባለ 28 ጎማ፣ ማርሽ የሌለው፣ ጠንካራና ዕቃ መጫኛ ያለው ነው። ሌላው ባለ 26፣ 21 ማርሽ፣ ፊትም ኋላም ሾክ ያለው ነው። ባለሱቁ ሁለቱም ለደሴ ይሆናሉ ይለኛል። የቱን ልውሰድ?
የሱቅ ሠራተኛ፣ ከደሴ

መልስ፦ ከሁለቱ የግድ አንዱን ከሆነ ባለ ማርሹን ይውሰዱ። ከመክፈልዎ በፊት ግን ቁጭ ብለው ጥርስ ይቁጠሩ። ዳገት የሚያወጣው የማርሹ ብዛት አይደለም። ፔዳሉ ጋ ያለው የፊት ጥርስ ስንት ነው? የኋላው ጎማ ላይ ያለውስ? ወሳኙ ይህ ነው። አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርገውበት ዙሪያውን ይቁጠሩ፤ ብዙዎቹ ላይ ቁጥሩ ብረቱ ላይ ተመቶ ይገኛል።

ባለ 28ቱ ብዙውን ጊዜ ፊት 44፣ ኋላ 18 ጥርስ ነው። 44 ለ18 ሲካፈል 2.4 ይመጣል። የጎማው ዙሪያ 2.2 ሜትር ያህል ስለሆነ ፔዳሉን አንድ ዙር ሲያዞሩ 5.4 ሜትር ይሄዳሉ። ሜዳ ላይ ይህ ግሩም ነው። 8 በመቶ ዳገት ላይ፣ ማለትም 100 ሜትር ሲሄዱ 8 ሜትር ከፍ የሚል መንገድ ላይ፣ በዚያ አንድ ዙር ራስዎንና ብስክሌቱን 43 ሴንቲ ሜትር ወደ ላይ ማንሳት ይኖርብዎታል። ጉልበት ያለው ሰው ጥቂት መቶ ሜትሮች ቆሞ ይረግጠው ይሆናል። በየማታው ግን የሚሆን አይደለም።

ባለ 21 ማርሹ ላይ ትንሹ የፊት ጥርስ 24፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 28 ከሆነ 24 ለ28 ሲካፈል 0.86 ነው። በአንድ ዙር 1.8 ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ በዚያው ዳገት ላይ የሚነሱት 14 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ የቤት ደረጃ አይበልጥም። ፔዳሉን በሰከንድ አንድ ጊዜ ቢያዞሩ በሰዓት ከ6 ኪሎ ሜትር ትንሽ በላይ ይሄዳሉ። ከፈጣን እርምጃ ብዙ አይበልጥም፣ ግን ላብ ሳያጠምቅዎ ቤትዎ ይደርሳሉ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፍ በሩብ ያህል ያነሰ ስለሆነ ትንፋሽ ቶሎ ያጥራል። ስለዚህ ቀላል ጥርስ እዚህ ቅንጦት አይደለም።

ለደሴ የምንመክረው እንግዲህ ይህ ነው፦ ትንሹ የፊት ጥርስ ለትልቁ የኋላ ጥርስ ሲካፈል ከ1 ያልበለጠ ይሁን፤ ቤቱ ዳገት ላይ ለሆነ ሰው 0.86 ወይም ከዚያ በታች። ኋላው 34 ጥርስ ያለው ካገኙ ደግሞ እሰየው።

የኋላውን ሾክ በተመለከተ ግን ይተውት። በዝቅተኛ ዋጋ የሚሸጡት የኋላ ሾኮች ብረት ጥቅል ብቻ ናቸው። ዳገት ላይ በረገጡ ቁጥር እየታጠፉ ጉልበትዎን ይበላሉ፣ ብስክሌቱን ያከብዳሉ፣ ማጠፊያው ላይ ያለው ቡሽ ሲበላ ደግሞ የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። መግዛትዎ ካልቀረ ያንኑ ባለ 26 ኋላው ደረቅ (ሾክ የሌለው) የሆነውን ይጠይቁ። ፊቱም ደረቅ ሹካ ቢሆን ለከተማ ይሻላል። የኮብልስቶኑን ንዝረት የሚችለው ሰፊ ጎማ ነው፦ 26 በ1.75 ወይም 26 በ1.95፣ የጎማው ጥርስ ያልጎላ።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ማርሽ የሚቀየረው ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት፣ እግር ቀለል አድርጎ እየረገጡ ነው። ዳገቱ መሃል ላይ ሙሉ ክብደት አሳርፎ መቀየር ሰንሰለት ይጠመዝዛል፣ ጥርስም ይሰብራል። ትልቁን የፊት ጥርስ ከትልቁ የኋላ ጥርስ ጋር ማገናኘትም ሰንሰለቱን አግድም ይወጥረዋልና ያስወግዱት።

ባለ 28ቱን ገዝተው ለጨረሱ ሌሎች አንባቢዎች፦ የኋላውን 18 ጥርስ በ22 ማስቀየር ይቻላል። በአንድ ዙር የሚሄዱት ከ5.4 ወደ 4.4 ሜትር ይወርዳል፣ ሰንሰለቱም በአንድ ሙሉ ዘለበት (2.5 ሴንቲ ሜትር) መርዘም አለበት። ለመካከለኛ ዳገት ልዩነቱ ይታወቃል፤ ለጦሳ በኩል ግን አይበቃም።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ከደሴ በሐረጎ አድርጌ ኮምቦልቻ ዘመድ ጥየቃ እወርዳለሁ። ብስክሌቴ ፔዳል ወደ ኋላ ሲረገጥ የሚይዝ ፍሬን ብቻ ነው ያለው። ባለፈው ግማሽ መንገድ ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተተኝና ፍሬኑ እየላላ ሄደ። ምን ሆኖ ነው?
ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ

መልስ፦ የሸተትዎ የግሪስ ቃጠሎ ነው። የዚያ ፍሬን መያዣ ያለው የኋላው ጎማ መሃል፣ ኩሽኔታው ያለበት ትንሽ ብረት ውስጥ ነው። ሜዳ ላይ አንዴ ይዘው ሲለቁት ይበርዳል። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ሙቀቱ መውጫ የለውም፤ ግሪሱ ይቀልጥና ይፈሳል፣ ብረት ከብረት ይፋተጋል። በዚህ ላይ ሰንሰለቱ ከወለቀ ፍሬንም የለም ማለት ነው። አሁኑኑ ያስፈቱት፣ ሙቀት የሚችል አዲስ ግሪስ ያስገቡለት፤ ፊት ጎማው ላይ በእጅ የሚያዝ ፍሬን እስኪያስገጥሙ ድረስም ሐረጎን አይውረዱ። በዚህ ላይ አንደራደርም።

ፍሬኑን ከማስገጠምዎ በፊት ቸርኬው ምን እንደሆነ ይወቁ። ማግኔት ያስጠጉበት። ከያዘው ብረት ነው፤ ካልያዘው አልሙኒየም። የሚያብለጨልጨው ብረት ቸርኬ ሲደርቅ ይይዛል፣ በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሲረጥብ ግን የፍሬኑ ጎማ እንደ ሳሙና ይንሸራተትበታል። አልሙኒየሙ ጎማው አንድ ሁለቴ ዞሮ ውሃውን ከጠረገ በኋላ ይይዛል። ደሴ ለሚኖር ሰው፣ ቁልቁለት ይውረድም አይውረድ፣ አልሙኒየም ቸርኬ እንመክራለን።

ቸርኬውን በሁለት ክንድ ግራና ቀኝ የሚነክሰው ፍሬን ለእኛ አገር የሚበጅ ነው፦ ርካሽ፣ መለዋወጫው በቀላሉ የሚገኝ፣ በአንድ ቁልፍ የሚስተካከል። አገጣጠሙን ቆመው ይዩ። የፍሬኑ ጎማ ሙሉ በሙሉ ቸርኬው ላይ ማረፍ አለበት። ወደ ላይ ካለፈ ጎማውን ጎኑን ይቆርጠዋል፣ ወደ ታች ከወረደ ደግሞ ሲያረጅ ከቸርኬው ሥር ይሸጎጥና ጎማውን ያስቆማል። በየጎኑ 2 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይተዉ። ብሎኑን ሲያጠብቁ ከፍሬኑ ጎማ የኋላ ጫፍ ሥር 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ካርቶን ያስገቡ፤ ከዚያ ያውጡት። የፊተኛው ጫፍ ቀድሞ ስለሚነካ ያ የሚያስጠላ ጩኸት ይጠፋል። መያዣውን ሲጨብጡ ወደ መሪው ከሚወስደው ርቀት ግማሹ ላይ መቆም አለበት፤ መሪውን ከነካ ገመዱ ይሳብ። የፍሬኑ ጎማ ላይ ያሉት መስመሮች ሲጠፉ ይቀየር።

ሲወርዱ ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርገው ለአጭር ጊዜ ይያዙ፣ ፍጥነቱ ሲቀንስ ይልቀቁት፣ ቸርኬው አየር ያግኝ። እየጎተቱ መውረድ ቸርኬውን ያግላል፤ ከጋለ ቸርኬ ውስጥ ከመነዳሪ ይፈነዳል። ኩርባ ውስጥ ከመግባትዎ በፊት ፍሬን ይያዙ፣ ውስጥ ገብተው አይደለም። መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነውና ከመነሳትዎ በፊት የትኛው እጅ የፊቱን፣ የትኛው የኋላውን እንደሚይዝ ያረጋግጡ፤ ብስክሌት ከብስክሌት ይለያያል። ለመመለሻው ብስክሌቱን ሚኒባስ ላይ ቢጭኑት ማንም አይታዘብዎትም።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው የምሠራው። ቀሚስና ሒጃብ እለብሳለሁ፣ ቁመቴም አጭር ነው። ሱቅ ያሳዩኝ ብስክሌቶች ሁሉ መሃላቸው ላይ ከፍ ያለ ብረት አላቸው። ቅዳሜ ደግሞ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መጫን እፈልጋለሁ። ምን ዓይነት ልፈልግ?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም እህታችን። አንቺ የምትፈልጊው የመሃሉ ብረት ወደ ታች የታጠፈውን ነው፤ ሱቆቹ "የሴት" ይሉታል፣ ለማንም ሽማግሌ ወንድም ግን ይሆናል። እግርሽን ሳታነሺ ታልፊበታለሽ፣ ጀሪካን ኋላ ላይ ስላለም በመቀመጫው ላይ እግር ማሳለፍ አያስፈልግሽም።

ለቀሚስ ሦስት ነገር ይኑረው። ሰንሰለቱን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን ቆርቆሮ፤ የላዩን ብቻ የሚሸፍነው ቀሚስ ከታች ያስነክሳል። የኋላው ጎማ ግራና ቀኝ ላይ መረብ፤ ከሌለ ከፓራፋንጎው እስከ ጎማው መሃል በናይለን ገመድ ማሠራት ይቻላል። ፓራፋንጎው ራሱ ከፊትም ከኋላም። የሒጃብሽ ጫፍ ወደ ኋላ እንዳይንጠለጠል ልብስሽ ውስጥ አስገቢው።

ኮምቦልቻ ከተማ ውስጥ ለሚመላለስ ሰው ማርሽ የሌለው ይበቃል፤ የሚበላሽ ነገሩ ያንሳል። ፊት 44 ከሆነ ኋላው 20 ጥርስ ቢሆን ጀሪካን ጭኖ ለመነሳት ይቀላል።

ቁመትሽን እንዲህ ለኪው፦ ባዶ እግርሽን ግድግዳ ተደግፈሽ ቁሚ፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭኖችሽ መካከል ወደ ላይ አጥብቀሽ ያዢ፣ ሌላ ሰው ከመሬት እስከ መጽሐፉ ጫፍ ይለካ። ያንን በ0.88 አባዢው። 76 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 67 ይመጣል። ከፔዳሉ ክንዶች መሃል እስከ መቀመጫው አናት ያለው ርቀት ይህን ያህል መሆን አለበት። ሜትር ከሌለ፣ ፔዳሉ ታች ሲሆን ተረከዝሽን አድርጊበት፤ እግርሽ ልክ ቀጥ ካለ ትክክል ነው። ለጀማሪ ግን የመጀመሪያውን ወር 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ቢል እግርሽ መሬት ስለሚደርስ አትፈሪም። ከዚያ መልሰሽ ከፍ አድርጊው፤ ዝቅ ያለ መቀመጫ ጉልበት ያሳምማል። የመቀመጫው ዘንግ ላይ ያለው የመጨረሻ ምልክት ከቱቦው ውጭ እንዳይታይ።

ጀሪካኑ 20 ሊትር ውሃ ከያዘ ከ20 ኪሎ በላይ ነው። ብዙዎቹ የኋላ ዕቃ መጫኛዎች የሚችሉት 25 ኪሎ ሲሆን ልኩ ላያቸው ላይ ይጻፋል። መቀመጫው ዘንግ ላይ ብቻ የሚታሰረውን አትግዢ፤ ከጎማው ዳዶ አጠገብ ግራና ቀኝ በብሎን የሚያርፍ እግር ያለው ይሁን። አንድ ባለ 20 ከላይ ከመጫን ሁለት ባለ 10 ግራና ቀኝ ማንጠልጠል ብስክሌቱን በጣም ያረጋጋዋል፣ ክብደቱ ወደ መሬት ይቀርባልና። ከላይ የምትጭኚው ከሆነ እስከ አፉ ሙይው፤ ጎዶሎ ጀሪካን ውስጥ ውሃው እየተንሸራተተ መሪ ያስስታል። ለማሰሪያ፣ ካረጀ ከመነዳሪ በቁመቱ የተቆረጠ ጎማ የሚያህል የለም። የዕቃ መጫኛውን ብሎኖች በየሳምንቱ አጥብቂ፤ ዕቃ ጭኖ በኮብልስቶን መሄድ ያላላቸዋል። የኋላው ቸርኬ ባለ 36 ሽቦ ቢሆን ይመረጣል።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ካምፓስ ተማሪ ነኝ። ያገለገለ ብስክሌት ልገዛ ነው፤ ምን ምን ልይ?
ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ቀለሙንና መቀመጫውን እርሳው። ውድ ከሆነው ጀምር።

መጀመሪያ አካሉ። ከመሪው ሥር ቱቦዎቹ የተበየዱበትን ቦታ በጣትህ ዳስስ። ቀለሙ በቀጭን መስመር የተሰነጠቀ ወይም ቱቦው ሥር ያበጠ ከሆነ ፊት ለፊት ተጋጭቷል፤ ተወው። ብረት አካል የትም ብየዳ ቤት ይበየዳል፣ አልሙኒየም ግን እንዲሁ በቀላሉ አይበየድም፤ በተማሪ አቅም ብረቱ ይሻልሃል።

ሁለተኛ የፔዳሉ ክንድ። ክንዱን ጨብጠህ ወደ ጎን ወዝውዘው። ሁለቱም ክንዶች አብረው ከተወዛወዙ የመሃሉ ኩሽኔታ ላልቷል፤ ይህ ይታደሳል። አንዱ ብቻ፣ በተለይ የግራው፣ የሚወዛወዝ ከሆነ ግን ላልቶ ተነድቷል ማለት ነው። ውስጡ ያለው አራት ማዕዘን ቀዳዳ ይከብና ምንም ያህል ቢጠብቅ ከ10 ኪሎ ሜትር በኋላ ይላላል። ፍቱን አዲስ ክንድ ብቻ ነው፤ ዋጋውን ከሒሳቡ አስቀንስ። ፔዳል ስታስፈታም የግራው ፔዳል ጥርስ ተቃራኒ መሆኑን አትርሳ፤ በተለመደው አቅጣጫ የታገለው ሁሉ ነው ክንዱን የሚያበላሸው።

ሦስተኛ፣ የፊቱን ፍሬን ይዘህ ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ግፋው። መሪው ሥር ቋ ቋ ካለ ኩሽኔታው ላልቷል። አራተኛ፣ ገልብጠህ ጎማዎቹን አዙር፤ ቸርኬው ከፍሬኑ ጎማ ጋር ሲተያይ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከተወዛወዘ መቃናት አለበት፣ ሽቦዎቹን ሁለት ሁለት እያደረግህ ጨብጥ፣ አንዱ ከሌላው በግልጽ ከላላ የተሰበረ ወይም የተፈታ አለ።

ሰንሰለቱን በሜትር ለካ፤ 24 ክፍል ከፒን መሃል እስከ ፒን መሃል 30.5 ሴንቲ ሜትር ነው። 30.6 ካለፈ ሰንሰለቱ ይቀየር። 30.8 ከደረሰ የኋላውን ጥርስም በልቶታል፤ አዲስ ሰንሰለት ብቻውን ብታስገባበት ዳገት ላይ እየዘለለ ጉልበትህን ከመሪው ጋር ያጋጭሃል።

በመጨረሻ፣ ከፔዳሉ መሃል ሥር የተመታውን ቁጥር አንብብ። ተፍቆ ከሆነ አትግዛ። ካለ ደግሞ የሽያጭ ወረቀቱ ላይ ቁጥሩን አስጽፍ።

ጥያቄ፦ ጎማዬ በሳምንት ሁለቴ ይተነፍሳል። ጎሚስታው ይለጥፈዋል፣ በማግስቱ እዚያው አካባቢ ይተነፍሳል። ከመነዳሪ ልቀይር?
ከኮምቦልቻ

መልስ፦ ከመነዳሪው ላይሆን ይችላል። እሾሁ አሁንም ጎማው ውስጥ ተሰክቶ ይሆናል። ከመነዳሪውን ሲያወጡ ቫልቩ ከየት በኩል እንደነበር ምልክት ያድርጉ፣ ቀዳዳውን ካገኙ በኋላ ጎማውን እዚያው ትይዩ ይዩት። በጨርቅ የውስጡን ዙሪያ ሁሉ ይጥረጉ፤ ጨርቁ የሚያዝበት ቦታ እሾህ አለ። በጣት አያድርጉት፣ የግራር እሾህ ይወጋል። ቀዳዳው በውስጥ በኩል፣ ቸርኬውን የሚነካበት ጎን ላይ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው የሽቦ ጫፍ ነው፤ ቸርኬው ላይ የሚጠመጠመው ጎማ ተቀዷል፣ ይተካ።

ሲለጠፍ በአሸዋ ወረቀት ይፈተግ፣ ማስቲሹ ይቀባ፣ ከዚያ እስኪደበዝዝ 5 ደቂቃ ይጠበቅ። እርጥብ ማስቲሽ ላይ የተለጠፈ ይነሳል፤ በማግስቱ የሚተነፍስበት ሌላው ምክንያት ይኸው ነው።

አዲስ ከመነዳሪ ሲገዙ የመኪና ዓይነት ቫልቭ ያለውን ይውሰዱ፤ የትኛውም ጎሚስታ ይነፋዋል። ለ26 በ1.95 ጎማ፣ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ፊቱ 40፣ ኋላው 45 ፒኤስአይ ይበቃል፤ ጀሪካን ከተጫነ ኋላው 55። ልኩ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው እንዳያልፍ። ለመኪና የሚነፋው ኮምፕሬሰር ትንሽ ጎማ በሰከንዶች ያፈነዳልና ጥቂት ጥቂት እያሉ በጌጅ ይለኩ።

ጥያቄ፦ ሰንሰለቱን ከመኪና በወጣ ዘይት እቀባለሁ፣ ግን ወዲያው ይጠቁራል። ችግር አለው?
ከደሴ

መልስ፦ አለው። ከሞተር የወጣ ዘይት ውስጥ የደቀቀ ብረትና ጥቀርሻ አለ፤ ሰንሰለቱ ፒን ውስጥ ሲገባ እንደ አሸዋ ወረቀት ይፍቀዋል። ከላይ የተቀባው ደግሞ የመንገድ አቧራ ይሰበስባል። ሰንሰለቱን በነጭ ጋዝና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፣ ያድርቁት። ከዚያ ቀጭን አዲስ ዘይት፣ የስፌት መኪናም ይሆናል፣ በየክፍሉ አንድ አንድ ጠብታ ከውስጥ በኩል ያንጠባጥቡ። ፔዳሉን 20 ዙር ያህል ወደ ኋላ አዙረው 10 ደቂቃ ይተዉት፣ ከዚያ ከላይ ያለውን በደረቅ ጨርቅ ጠርገው ይጨርሱት፤ ሲነኩት እጅ የሚያጠቁር ከሆነ በቂ አልተጠረገም። በበጋ በየሁለት ሳምንቱ፣ በክረምት ዝናብ በመታው ቁጥር ይድገሙት።